የአዋቂዎች የትኩረት መታወክ ሕክምናና የአነቃቂ መድኃኒት ስጋት፦ ከድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንጻር

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 የሥራ ውል ያለማስጠንቀቂያ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰው ማርፈድን ነው። ችግሩ በጽሑፍ እየተገለጸለት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረም እንዲሁ። ድንጋጌው ያለምክንያት የተጻፈ አይደለም። ፋብሪካ በሰዓት የሚኖር ተቋም ነው፤ በስፌት መስመር ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። ይሁን እንጂ ከሚያረፍዱት፣ መታወቂያቸውን ረስተው ከበር ከሚመለሱት፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ከሚዘሉት ሠራተኞች መካከል ጥቂቶቹ ችግራቸው የሥነ ሥርዓት ጉድለት ሳይሆን በልጅነት የጀመረ፣ ስም ሳያገኝ አብሯቸው ያደገ ሕመም ነው። ሕመሙ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ መታወክ ይባላል፤ በባለሙያዎች ዘንድ በምህጻሩ ኤዲኤችዲ ተብሎ ይታወቃል።

ለሕመሙ በተደጋጋሚ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ። ጉዳዩ ስለ አዋቂዎች ሲሆን ግን ውይይቱ ገና ሳይጀመር የሚገታው አንድ ስጋት አለ፦ መድኃኒቱ አነቃቂ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ ሱስ ያስይዛል። ስጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ አቅጣጫውን ስቷል። በድሬዳዋ አነቃቂው ከኪኒኑ ቀድሞ ደርሷል፤ መጠኑን የሚወስንለት፣ የደም ግፊቱን የሚለካለት ሐኪም ሳይኖር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይቃማል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው አነቃቂ ንጥረ ነገር ወደ ሠራተኛው ይድረስ ወይስ አይድረስ የሚለው አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው የደረሰው በማን ቁጥጥር ሥር ነው፣ በምንስ መጠን ነው፣ ለማንስ ጥቅም ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጥ ችላ ተብሏል፤ ከሁሉም የሚያሳስበው ግን እርሱ ነው።

ሕመሙ በፋብሪካ ውስጥ

ኤዲኤችዲ ለረጅም ጊዜ የሕፃናት ችግር ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ምልክቶቹ መታየት ያለባቸውን ዕድሜ ከ7 ወደ 12 ዓመት ከፍ ሲያደርግና ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚያስፈልጉትን ምልክቶች ከስድስት ወደ አምስት ሲቀንስ፣ ሕመሙ ከብዙዎች ጋር ወደ ጉልምስና እንደሚሻገር ተቀብሎ ነበር። በአዋቂዎች ዘንድ ያለው ስርጭት እንደ መለኪያው ቢለያይም አብዛኞቹ ግምቶች ከ2 እስከ 5 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

ለኢንዱስትሪ ፓርክ ይበልጥ የሚቀርቡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ዳሰሳ በ10 አገሮች ካሉ ሠራተኞች የሰበሰበውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ነው፤ ከሠራተኞቹ 3.5 በመቶ የሚሆኑት የሕመሙን መስፈርት ሲያሟሉ፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎች በበለጠ በዓመት 22 ያህል የሥራ ቀናትን በመቅረት ወይም በተዳከመ ውጤት ያጣሉ። ሁለተኛው በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ነው። በዚያ ሕመሙ የተገኘባቸው 1.9 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን በሕመም ምክንያት ከሥራ የመቅረታቸውም ሆነ በሥራ ላይ አደጋና ጉዳት የመድረሱ ዕድል ከሌሎች ሠራተኞች ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የስፌት መርፌ፣ የመቁረጫ ማሽንና የዕቃ ማንሻ ተሽከርካሪ ባለበት ቦታ ይህ አኃዝ በምርታማነት ሒሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ኅብረተሰቡም ሰዎቹን ያውቃቸዋል፤ የማያውቀው ሕመማቸውን ነው። ቀልበ ቢስ፣ ዝንጉ፣ ቀዥቃዣ የሚሉት ቃላት በአማርኛ የባሕርይ ነቀፋዎች እንጂ የሕመም ስሞች አይደሉም። ነቀፋ ደግሞ ወደ ሐኪም አያደርስም፤ ወደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንጂ።

ከኪኒኑ በፊት የነበረው

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርና በወደቡ ላይ ተስፋ አድርጎ ተሠርቶ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኖ ተመርቋል። ከተማዋ ከሐረርጌ የጫት አምራች ደጋዎችና ከአወዳይ ገበያ ብዙም አትርቅም። የጫቱ ፍጥነት ከባቡሩ ፍጥነት ጋር የተያያዘው በአጋጣሚ አይደለም፤ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ይበልጥ ደካማ ወደሆነው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት ትኩስነቱን ሳያጣ በቀናት ውስጥ ተቃሚው ዘንድ መድረስ አለበት።

ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ከቅጠሉ ተለይቶ ወጣ። ኬሚካዊ አወቃቀሩ ለአምፌታሚን እጅግ የቀረበ ነው፤ በነርቭ ጫፎች ላይ የሚያደርገውም ተመሳሳይ ነው፤ ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን ከማከማቻቸው እንዲለቀቁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ትንተና በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖንና 120 ሚሊግራም ካቲን አግኝቷል። አማካይ መሆኑ ላይ ማተኮር ያስፈልጋል። ከማሳ ማሳ፣ ከእሸት እሸት፣ ከጠዋቱ ጫት የማታው ይለያያል። ተቃሚው የሚያውቀው የእስሩን ዋጋና የምርቃናውን ልክ እንጂ ሚሊግራሙን አይደለም።

በዓለም አቀፍ ሕግ ረገድ የሚገርም መዛነፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተደረገው የሥነ አእምሮ ላይ ተፅዕኖ የሚያሳድሩ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ካቲኖንን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ከአንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ለኤዲኤችዲ የሚታዘዙትን ሜቲልፌኒዴትንና አምፌታሚንን በሁለተኛው ሠንጠረዥ አስቀምጧል። ቅጠሉ ራሱ ግን በስምምነቱ አልተካተተም። በኢትዮጵያም ጫት ሕጋዊ የንግድ ሰብል ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 767/2004 የኤክሳይዝ ታክስ ተጥሎበታል። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከፈረቃ በኋላ ጫት ተራ ሄዶ ከአንደኛው ሠንጠረዥ የሆነውን ንጥረ ነገር የያዘ እስር ያለማንም ጥያቄ መግዛት ይችላል። በአንጻሩ ከሁለተኛው ሠንጠረዥ የሆነውን ኪኒን ለማግኘት ልዩ ማዘዣ ያስፈልገዋል። ይህ ማለት የማዘዣ ቁጥጥሩ ይላላ ማለት አይደለም። የሚያሳየው የአነቃቂ አላግባብ መጠቀም ከኪኒኑ ጋር ወደ ከተማዋ የሚገባ አዲስ ነገር አድርጎ ማየት ከመነሻው ስሕተት መሆኑን ነው።

በቡታጅራ ከአሥር ሺህ በላይ አዋቂዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአታላይ ዓለምና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ክርክር ልዩ ዋጋ አለው። ከተጠያቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከሚቅሙት 80 በመቶ የሚሆኑት የሰጡት ምክንያት ደግሞ ለጸሎት ሐሳብን ለመሰብሰብ የሚል ነበር። ደስታ ፍለጋ ወይም ጓደኛ ማፍራት አልቀደመም፤ የቀደመው ትኩረት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ተቃሚ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት ፌዝ ይሆናል፤ አነቃቂ ንጥረ ነገር ጤነኛውንም ያነቃዋል። ነገር ግን በተቃሚዎች መካከል ራሳቸውን ሳያውቁት የሚያክሙ ሰዎች መኖራቸው በጣም የሚጠበቅ ነው። የዕፅ ሱስ ሕክምና በሚሰጥባቸው ተቋማት በተደረጉ ጥናቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሜታ-ትንተና ከታካሚዎቹ 23 በመቶ ያህሉ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ይህ በአጠቃላይ ሕዝብ ከሚገመተው ብዙ እጥፍ ነው። በኢትዮጵያ የጫት ጥናት ብዙ ተሠርቷል፤ የተቃሚዎች ቁጥር፣ የወንድና የሴት ድርሻ፣ የተማሪዎች ልማድ ተደጋግሞ ተቆጥሯል። ከእነዚያ መጠይቆች ጎን የልጅነት ትኩረት ታሪክን የሚጠይቁ ጥቂት መስመሮች መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የስጋቱ ማስረጃ

መድኃኒቱን ከታዘዘለት ሰው ውጭ መጠቀም እውነተኛ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የወጣ ሥርዓታዊ ዳሰሳ ከኮሌጅ ተማሪዎች ከ5 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው ዓመት ያልታዘዘላቸውን አነቃቂ እንደተጠቀሙ፣ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ተማሪዎችም ከ16 እስከ 29 በመቶ የሚሆኑት ስጠን፣ ሽጥልን ተብለው እንደነበር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአገር አቀፍ ዳሰሳ ትንተና ደግሞ ከአሜሪካ አዋቂዎች 6.6 በመቶ በዓመቱ የታዘዘ አነቃቂ ሲጠቀሙ፣ 2.1 በመቶ ቢያንስ አንድ ጊዜ አላግባብ መጠቀማቸውን፣ የአነቃቂ ሱስ መታወክ ደረጃ ላይ የደረሱት ግን 0.2 በመቶ መሆናቸውን ዘግቧል። ዋነኛው ምክንያት ነቅቶ መቆየትና ትኩረትን ማጠናከር ሲሆን፣ ዋነኛው ምንጭ መድኃኒቱን በነፃ ያካፈለ ወዳጅ ወይም ዘመድ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያስገርም አይገባም። የራስ ምታት ኪኒን፣ የወባ ኪኒን፣ አንቲባዮቲክ ሳይቀር ከጎረቤት ጋር በሚካፈልበት ባህል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እንቅልፍ ያሸነፈውን የመኝታ ቤት ባልደረባ አንዲት ፍሬ መንፈግ ንፉግነት ሊመስል ይችላል። አደጋው ከነጋዴ ይልቅ ከደግነት የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማስፈራራት ብቻውን አይገታውም።

በሌላ በኩል ሕክምናው ራሱ ወደ ሱስ ይወስዳል የሚለውን መላምት ትልልቅ መረጃዎች አልደገፉትም። ስዊድን የዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1967 በስቶክሆልም አነቃቂዎችን ለሱሰኞች በሐኪም ማዘዣ የመስጠት ሙከራ ተደርጎ ክፉኛ ከከሸፈ በኋላ አገሪቱ በአነቃቂዎች ላይ እጅግ ጥብቅ አቋም ይዛ ቆይታለች። ከዚያችው አገር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ 38,753 የኤዲኤችዲ ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒት የታዘዘላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ከዕፅ አላግባብ መጠቀም ጋር የተያያዘ ችግር የደረሰባቸው መጠን ካልታዘዘላቸው በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ወደ ሦስት ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች የተደረገውም ጥናት መድኃኒት በሚወሰድባቸው ወራት ችግሩ በወንዶች በ35፣ በሴቶች በ31 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እነዚህ የምልከታ ጥናቶች ስለሆኑ መንስኤና ውጤትን በእርግጠኝነት አያረጋግጡም፤ ሕክምናውን የሚቀጥል ሰው ቀድሞውንም የተሻለ ድጋፍ ያለው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ማስረጃው የሚያዘነብለው ወደ ስጋቱ ሳይሆን በተቃራኒው ነው።

የማስረጃው ደካማ ጎን ያለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ133 ሙከራዎች ላይ የተደረገው የመረብ ሜታ-ትንተና አምፌታሚንን ለአዋቂዎች በአጭር ጊዜ ተመራጭ አድርጎ ቢያስቀምጥም፣ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ስለሚዘልቀው ውጤት የሚናገረው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ዳሰሳም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ሜቲልፌኒዴት ለአዋቂዎች ያለውን ጥቅም የሚያሳየው ማስረጃ በጣም ዝቅተኛ እርግጠኝነት ያለው ነው ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ሜቲልፌኒዴት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲካተት የቀረቡለትን ማመልከቻዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 አልተቀበለም። መድኃኒቱን በተስፋ ብቻ የሚደግፍ ሰው እነዚህን ዝም ብሎ ሊያልፋቸው አይችልም።

ማን ታማሚ ነው?

በድሬዳዋ ትልቁ ሳይንሳዊ ፈተና ከማዘዝ በፊት ያለው ነው። በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ በቀኑ ሙቀት መተኛት ያልቻለ፣ ከሰዓት በኋላ የቃመ፣ ምርቃናውን በጨብሲ የሰበረ፣ በማግስቱ ሐራራ ላይ ያለ ሰው ትኩረቱ ቢበተን፣ ቢቆጣ፣ ቢዘነጋ የሚደንቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ የረጅም ጊዜ ክትትል ሕመሙ በጉልምስና ጀመረ የተባሉትን ሰዎች ደረጃ በደረጃ ሲመረምር፣ በመጠይቅ ከተጠረጠሩት 95 በመቶ ያህሉ ከምርመራው ወጥተዋል፤ የሚያውክ ምልክት ከነበራቸው መካከል ለመውጣታቸው ዋነኛው ምክንያት ምልክቶቹ ብዙ ዕፅ በሚጠቀሙበት ጊዜ ብቻ የታዩ መሆናቸው ነበር። በመጠይቅ ብቻ ተመርኩዞ ማዘዣ የሚጽፍ ክሊኒክ በድሬዳዋ የሚያክመው እንቅልፍ ማጣትንና ሐራራን ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት አንዳንዶች ታካሚው በመጀመሪያ ጫት ያቁም፣ ከዚያ ይመርመር ይላሉ። ሐሳቡ ንጹሕ ይመስላል፤ በተግባር ግን በሩን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የስምምነት ሰነድም ሱስና ኤዲኤችዲ አብረው ሲገኙ ምርመራው ረጅም መታቀብ ሳይጠብቅ በቶሎ እንዲጀመር ይመክራል። መፍትሔው ያለው በልጅነት ታሪክ ውስጥ ነው። ጫት ከመጀመሩ በፊት፣ ከ12 ዓመት በታች ሳለ ምን ይመስል ነበር? መልሱን የሚያውቁት እናት፣ አያት፣ ታላቅ እህት ናቸው። ብዙ የፓርኩ ሠራተኞች ከሩቅ ስለሚመጡ በስልክ መጠየቅ የምርመራው አካል መሆን አለበት፤ ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ።

መጠይቁም ራሱ ልብስ መቀየር ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዋቂዎች ኤዲኤችዲ ራስን መመዘኛ ስለ ፕሮጀክት የመጨረሻ ዝርዝሮች፣ ስለ ቀጠሮ፣ በስብሰባ ላይ ከወንበር ስለ መነሣት ይጠይቃል። የስፌት መስመር ሠራተኛ ፕሮጀክት የላትም፤ በስብሰባ ላይም አትቀመጥም። ልትጠየቅ የሚገባት የክር ቀለም መቀየር ረስታ ስንት ሸሚዝ እንደተመለሰባት፣ ደመወዟን በተቀበለችበት ሳምንት ምን እንዳደረገችው ነው። የልጅነቱ ክፍልም የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፤ በገጠር ያደገ ሰው ዝንጉነቱ የሚታወሰው በጠፋች ፍየል፣ ግማሽ መንገድ ላይ በተረሳ መልእክት ነው። ይህን መጠይቅ ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች አስማምቶ አስተማማኝነቱን መፈተን ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በቂ ሥራ ነው፤ ከብዙ የስርጭት ቆጠራ ይልቅም ይጠቅማል።

የትኛው መድኃኒት?

ጫት በሚቃምበት ቦታ የመጀመሪያው ምርጫ አነቃቂ ያልሆነው አቶሞክሰቲን ቢሆን አስተዋይነት ይመስላል። ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር አይደለም፣ ምርቃና አይሰጥም፣ ስለዚህ የሚገዛው አይኖርም። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ግን ዛሬ ሌሊት ነቅቶ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው አይጠቅምም፤ ይህ ጉድለቱ እዚህ በጎ ጎኑ ይሆናል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የውጭ መመሪያን ቀጥታ መቅዳት የማያስኬድ ነገር አለ። አቶሞክሰቲንን የሚያፈርሰው በዋናነት ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ዘረመል ተጨማሪ ቅጂዎች እንዳሏቸው ታይቷል፤ ይህ በአውሮፓውያን ከሚታየው እጅግ ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ደም ውስጥ የተለመደው መጠን በፍጥነት ይጠፋል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎም ይተዋል። በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ጫት ራሱ የዚህን ኢንዛይም ሥራ እንደሚያግድ አሳይቷል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ማሰብ ይቻላል፦ በሚቅምበት ሳምንት የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፣ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፤ ሲያቆም መጠኑ ይወርዳል፣ ምልክቱ ይመለሳል። የታካሚው ሐቀኛ መልስ ከሌለ ሐኪሙ የሚያየው ትርጉም የሌለው መወዛወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የጫት ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሳይሆን የመድኃኒት መጠን ጥያቄ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ ታካሚው እንደሚነቀፍ ካወቀ አይናገርምና።

አነቃቂው አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የአወሳሰዱ ፍጥነት ወሳኝ ነው። የኖራ ቮልኮውና የባልደረቦቿ የአንጎል ምስል ጥናቶች እንዳሳዩት ሜቲልፌኒዴት በአፍ ሲወሰድ አንጎል ውስጥ ከፍተኛ መጠን የሚደርሰው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ በደም ሥር ሲሰጥ ግን በ10 ደቂቃ ገደማ። ደስታውንና ሱሱን የሚያመጣው ፍጥነቱ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ተፈጭቶ ለመሳብ ስለማይመች፣ በቀን አንዴ ስለሚወሰድና በመኝታ ቤት የሚቀመጥ ትርፍ ፍሬ ስለማያበዛ ተመራጭ ነው። በረመዳን ጠዋት መዋጥ ለማይችለው ብዙ ሠራተኛም በሱሑር ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። ጫትና ሜቲልፌኒዴት ሁለቱም የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምሩ በአንድ ቀን መደራረባቸው የሚፈቀድ አይደለም፤ ግፊት ሳይለካ የሚታደስ ማዘዣም መኖር የለበትም።

ማዘዣውና አሠሪው

እስከዚህ የተነሣው ሁሉ ታካሚው ላይ ያተኮረ ነው። የታሪክ ትምህርት ግን ሌላ ነገር ያስጠነቅቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጃፓን ውስጥ ሜታምፌታሚን በሂሮፖን ስም ለገበያ ወጥቶ ነበር። ለወታደሩ ብቻ ሳይሆን ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛው ጭምር ሌሊቱን ነቅቶ እንዲሠራ ይሰጠው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ክምችቱ ወደ ገበያ ፈስሶ የአገሪቱ የመጀመሪያው የአነቃቂ ሱስ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ልዩ የቁጥጥር ሕግ እስከማውጣት አደረሰ። በዚያ ታሪክ ኪኒኑን ወደ ሥራ ቦታ ያስገባው ሱሰኛ አልነበረም፤ የምርት ዕቅድ ነበር።

በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አነቃቂ መድኃኒት በፋብሪካው ክሊኒክ፣ በፋብሪካው ወጪ፣ ለፋብሪካው ሪፖርት እየተደረገ የሚታዘዝ ከሆነ ይኸው አደጋ በለሰለሰ መልክ ሊመለስ ይችላል። ተቆጣጣሪዋ በክፋት ሳይሆን የቀኑን ኮታ ለማሟላት "መድኃኒትሽን ወስደሻል?" ብላ የምትጠይቅበት ቀን ሲመጣ ሕክምናው የሥራ መሣሪያ ሆኗል። የትኩረት ጉድለቱ ከሰውየው ነው ወይስ ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ኪስ ከመስፋት ነው የሚለው ጥያቄም ያን ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ ምርመራውም ማዘዣውም ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ እንደ ድል ጮራ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል መሆን ይኖርበታል። ለአሠሪው የሚደርሰው ሰነድ የሕመሙን ስም ሳይሆን የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ብቻ የሚገልጽ ቢሆን ይበቃል፦ ቋሚ የቀን ፈረቃ፣ ከአደገኛ ማሽን ራቅ ያለ ቦታ፣ በጽሑፍ ወይም በምስል የተደረገ የሥራ ቅደም ተከተል። ከእነዚህ አንዳቸውም ኪኒን አይጠይቁም፤ ለአንዳንዱ ሠራተኛም ኪኒኑን አላስፈላጊ ያደርጉታል።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። አዋጁ ለኤዲኤችዲ ይሠራል ወይ የሚለው በፍርድ ቤት ሊያከራክር ይችላል፤ ክርክሩ ሊነሣ የሚችለው ግን ሠራተኛው በምርመራ የተረጋገጠ ነገር በእጁ ሲኖረው ብቻ ነው። ስምንተኛው ማርፈድ ተመዝግቦ የስንብት ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀት ሰበብ ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሎች ሦስተኛው ወይም አራተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ከቅጣት በተጨማሪ ወደ ጤና ተቋም የመላኪያ ወረቀት ቢሰጡ ሕጉን ሳይነኩ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነው። ወረቀቱ ስለ ትኩረት ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫትና ስለ ድብርትም የሚያስጠይቅ ይሁን፤ ከሚላኩት አብዛኞቹ ኤዲኤችዲ የሌለባቸው መሆናቸው አይቀርምና። የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም ለእነዚህ ሰዎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ከፈረቃ መውጫ ሰዓት ጋር የሚገጥም ቀጠሮ ሊኖረው ይገባል፤ ማዘዣውን ለማሳደስ አንድ የሥራ ቀን መቅረት ካስፈለገ ሕክምናው ራሱ ከአምስቱ ቀናት አንዷን በልቷል።